ሕመም የማያውቅ እግር

ከሦስት ዓመት በፊት በነሐሴ ወር አንድ ማታ፣ ደብረ ብርሃን በወላጆቼ ቤት በከሰል ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠን ስንጫወት የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተን። የደብረ ብርሃንን የክረምት ብርድ የቀመሰ ሰው በዚያ ሰዓት ከእሳት ዳር መነሣት እንዴት እንደሚያስጠላ ያውቃል። እናቴ ጋቢዋን አገላብጣ አየች፤ እኅቴም ቀሚሷን ሰበሰበች። አባቴ ግን የጭነት መኪና ሹፌር በነበሩበት ዘመን ስላጋጠማቸው ነገር የጀመሩትን ወሬ ሳያቋርጡ ይተርኩ ነበር። ጭሱ የሚወጣው ከእሳቸው ካልሲ ነበር። የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት የምድጃውን ከንፈር ነክቶ ቆይቷል።

«አባባ፣ እግርዎ እየተቃጠለ ነው!» ብዬ ብጮህ ዝቅ ብለው አዩና «እውነትም!» ብለው ሳቁ። እኛም አብረን ሳቅን።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ሳቅ ነው። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸው ከታወቀ በዚያን ጊዜ 11 ዓመት ሆኖ ነበር። ክኒናቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ፤ ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣሉ፤ ቀጠሮም አያሳልፉም። እኔ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። በዚያው ዓመት ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት ትኩስ ድስት የነካ እጅ ገና ሳይታሰብ ለምን እንደሚሸሽ፣ ነርቩንና የጀርባ አጥንቱን በሰሌዳ ላይ ሥዬ ለተማሪዎቼ አስረድቼ ነበር። አንድ ሰው እግሩ እየተቃጠለ ወሬውን ሲቀጥል ሳይ ግን ምንም አልጠረጠርኩም።

እናቴ በቃጠሎው ላይ የቡና ዱቄት ነሰነሰችና በንጹሕ ጨርቅ አሰረችው። «ያምዎታል?» ብንላቸው «ኧረ ምንም!» ይሉናል። አለማመሙን እንደ መዳን ቆጠርነው። በ19ኛው ቀን ጨርቁ ሲፈታ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ጣቱ ጠቁሯል፤ መቅላቱም ወደ እግራቸው ጀርባ ወጥቷል። ሆስፒታል ሲደርሱ አውራ ጣቱና አጠገቡ ያለው ጣት ተቆረጡ። ቀዶ ጥገና ያደረገላቸው ሐኪም «አንድ ሳምንት ብትዘገዩ ከጉልበት በታች ነበር» አለን።

የቤቴን ገመና ወደ አደባባይ ያወጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን መጽሔት ከሚያነቡት ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች መካከል አባቱ ወይም እናቱ፣ አጎቱ ወይም አክስቱ ስኳር ያለባቸው ብዙ እንደሚሆኑ አልጠራጠርም። የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ለ2024 ባወጣው ግምት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 79 ከሆኑት ሰዎች መካከል 589 ሚሊዮን ያህሉ ይህ በሽታ አለባቸው። አዋቂዎቹ እንደሚገምቱት ከመቶ ሕመምተኞች ከ19 እስከ 34 የሚሆኑት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ እግራቸው ላይ ቁስል ይወጣባቸዋል። በስኳር ምክንያት እግሩ ወይም ጣቱ ከሚቆረጠው ሰው ደግሞ አብዛኛው መነሻው እንዲህ ያለ አንድ ትንሽ ቁስል ነው። ጠጠር፣ ሚስማር፣ የጠበበ ጫማ፣ የከሰል ምድጃ!

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። ከነርቮቻችን ሁሉ ረጃጅሞቹ ከወገባችን ተነሥተው እስከ እግር ጣቶቻችን ጫፍ የሚደርሱት ናቸው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከልክ በላይ ሲሆን አስቀድመው የሚጎዱት እነዚህ ረጃጅሞቹ ናቸው። ስለዚህ ጉዳቱ በሁለቱም እግሮች ጣቶች ይጀምርና ሰው ካልሲውን ወደ ላይ እንደሚስብ ቀስ እያለ ይወጣል። አንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ላይ ሌሊት ሌሊት እግሩን ያቃጥለዋል፤ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለዋል። በኋላ ይህ ሁሉ ጸጥ ይላል። ሕመምተኛውም «ተሻለኝ» ብሎ ደስ ይለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ከመጀመሪያውም ምንም ሳይሰማው እግሩ ይደነዝዛል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ላብ የሚያመነጩት ነርቮች ሲደክሙ ቆዳው ይደርቃል፤ ተረከዙም ይሰነጠቃል። የእግርን ትንንሽ ጡንቻዎች የሚያዙት ሲደክሙ ጣቶቹ እንደ ጥፍር ይቆለመማሉ፤ የውስጥ እግር አጥንቶችም ወደ መሬት ይገፋሉ። አጥንቱ በሚገፋበት ቦታ ቆዳው መጅ ያወጣል፤ መጁም ራሱ በጫማ ውስጥ እንደተቀመጠ ጠጠር ሆኖ ከሥሩ ያለውን ሥጋ ይደቁሰዋል። በዚህ ላይ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነማ ይብስበታል። ለቁስሉ መዳኛ የሚሆነው ደም በበቂ ሳይደርስ ሲቀር ቁስሉ ያመረቅዛል፤ መግሉ ወደ አጥንት ይዘልቃል።

የማያም እግር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለዓለም ካሳዩት ሰዎች አንዱ የስኳር ሐኪም አልነበረም። ፖል ብራንድ ይባላል። በ1914 ከእንግሊዛውያን ሚሲዮናውያን በሕንድ አገር የተወለደ ቀዶ ሐኪም ሲሆን፣ በ1946 በደቡብ ሕንድ በምትገኘው በቬሎር ከተማ ሥራ ጀመረ። በዚያን ጊዜ የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ጣቱ በራሱ በስብሶ የሚወድቅ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ብራንድ ግን ሕሙማኑን ቀርቦ ሲመለከት ሥጋቸው እንደ ማንም ሰው ሥጋ የሚድን ሆኖ አገኘው። የጠፋባቸው ሕመም ነው። የጋለ ድስት በእጃቸው ያነሣሉ፤ የገባባቸውን ሚስማር ይዘው ይሄዳሉ። የአንዳንዶቹ ጣት ደግሞ ሌሊት እየጎደለ ሲያድር ምስጢሩ ጠፍቶ ቆየ። በኋላ ቢጠበቅ አይጥ ኖሯል! ሕመምተኛው ተኝቶ ሳለ አይጥ ጣቱን ስትበላ አይነቃም። መድኃኒቱም ድመት ሆነ። ከሆስፒታሉ ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሕመምተኛ ድመት ይሰጠው ጀመር።

ብራንድ ራሱም አንድ ጊዜ ደንግጧል። ከረጅም ጉዞ በኋላ ለንደን ደርሶ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ተረከዙ ደንዝዞ አገኘው። በመርፌ ቢወጋው አልተሰማውም። የሥጋ ደዌ ያዘኝ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን አደረ። ጠዋት መርፌውን እንደገና ቢሰካ ከሕመሙ ብዛት ጮኸ፤ እንደዚያን ቀን ሕመም ያስደሰተው ጊዜ የለም ይባላል። ለካስ ነርቩን ያደነዘዘው በባቡር ውስጥ ብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ መቀመጡ ኖሯል።

በ1966 ብራንድ ወደ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ካርቪል ወደሚባለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተዛወረ። እዚያም የስኳር ሕመምተኞችን እግር ሲመለከት ቁስሉ በቬሎር ያየው ዓይነት ሆነበት። በሽታው ሌላ፣ የነርቩ መደንዘዝ ግን አንድ ነው። አንድ ጤነኛ ሰው እግሩ ሲቆስል ያነክሳል፤ በማንከሱም ቁስሉን ያሳርፈዋል። እግሩ የደነዘዘው ሰው ግን አያነክስምና በየእርምጃው ቁስሉን እየረገጠ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ብራንድና ባልደረቦቹ እግሩን በጀሶ ጠቅልለው ክብደቱን ከቁስሉ ላይ ሲያነሡለት ለወራት እምቢ ያለው ቁስል ዳነ። ዛሬም ቢሆን የውስጥ እግር ቁስል ዋነኛ ሕክምናው ይኸው ነው። ቅባት ብቻውን አያድነውም።

ለእኛም አገር ይህ እውቀት እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ በዘነበ ወርቅ ሰፈር በ1965 የተቋቋመው አለርት ለደነዘዘ እግር የሚስማማ ጫማ ሲሠራበት የኖረ ቦታ ነው። በእኔ አስተያየት ለሥጋ ደዌ ሕመምተኛ የሚነገረው «እግርህን በየቀኑ እይ» የሚለው ምክር ለስኳር ሕመምተኛም በዚያው ድምፅ ሊነገር ይገባው ነበር። አባቴ 11 ዓመት በቀጠሮ ሲመላለሱ «ጫማዎን ያውልቁ» ያላቸው ሰው አልነበረም። ሐኪሙ ብዙ ሰው ስለሚጠብቀው ነው እንበል። እኛስ?

ወጣቶች ሆይ፣ ዛሬ ማታ በቤታችሁ ልትሠሩት የምትችሉት አንድ ምርመራ ልንገራችሁ። በእንግሊዝ አገር በኢፕስዊች ከተማ ሐኪሞች የተጀመረና በ2011 የታተመ ሲሆን፣ ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም። ሕመምተኛው ካልሲውን አውልቆ ይጋደም፤ ዓይኑን ይጨፍን። ሲነኩት «ቀኝ» ወይም «ግራ» እንዲል ንገሩት። ከዚያ በሌባ ጣታችሁ ጫፍ፣ ላባ እንደሚያርፍ አድርጋችሁ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሴኮንድ ብቻ የእግሩን ጣቶች ጫፍ ንኩ። መጀመሪያ የቀኙን አውራ ጣት፣ ቀጥሎ የቀኙን ትንሽ ጣት፤ ከዚያ የግራውን አውራ ጣትና ትንሽ ጣት፤ በመጨረሻም የቀኙንና የግራውን መካከለኛ ጣት። አትጫኑ፣ አትቆንጥጡ፣ ያልተሰማውንም ደግማችሁ አትሞክሩ። ከስድስቱ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰሙት እግሩ መደንዘዝ ጀምሯልና ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሁሉም ቢሰሙትም እንኳ በዓመት አንድ ጊዜ በጤና ባለሙያ መታየት አለበት፤ የደነዘዘ እግር ከዚያ ቶሎ ቶሎ፣ አንድ ጊዜ ቆስሎ የዳነ እግር ደግሞ በየአንድ እስከ ሦስት ወሩ ይታያል። የዳነው ቁስል በአንድ ዓመት ውስጥ የሚመለስበት ሰው ከመቶ 40 ያህል ነውና።

እኔ ይህን ምርመራ በአባቴ እግር ላይ የሠራሁት ከተቆረጡ በኋላ ነው። በቀሩት ጣቶች ላይ አንዱም አልተሰማቸውም።

አሁን ወደ እጥበቱ ልምጣ። በልጅነቴ አባቴ ከመንገድ ሲመለሱ እግራቸውን የማጠብ ተራው የእኔ ነበር። ውኃውን ለብ አድርጌ በሳፋ አቀርባለሁ፤ እግራቸውን አጥቤ ስጨርስ ይመርቁኛል። በአገራችን እንግዳ ሲመጣ፣ ሽማግሌ ከመንገድ ሲገባ እግር ማጠብ የቆየ ወግ ነው። በጸሎተ ሐሙስም ካህናቱ የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ አይተናል። እኛ ቤት ግን የቧንቧ ውኃ ሲገባ፣ እኔም ለትምህርት አዲስ አበባ ስሄድ ልማዱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የአባቴን ውስጥ እግር ያየ ሰው የለም። እሳቸው ራሳቸው ማየት አይችሉም፤ ወገባቸው አይታጠፍም፤ ስኳሩም ዓይናቸውን አዳክሞታል። የብዙ ሽማግሌዎች ነገር እንዲሁ ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው መስተዋት መሬት ላይ አስቀምጦ እግሩን ከበላዩ አድርጎ ማየት ይችላል፤ የልጅ ዓይን ካለ ግን ይበልጣል።

ውኃው ለብ ያለ ብቻ ይሁን፤ ከ37 ዲግሪ አይለፍ። የሚለካውም በክርን ነው እንጂ በሕመምተኛው እግር አይደለም፤ የደነዘዘ እግር ስለ ሙቀት የሚሰጠው ምስክርነት አይታመንም። ጨው በተጨመረበት ሙቅ ውኃ እግርን ለረጅም ጊዜ መዘፍዘፍ በብዙ ቤት እንደ መድኃኒት ይቆጠራል፤ ለስኳር ሕመምተኛ ግን ቆዳውን አለስልሶ በኋላ የሚያደርቅ፣ ካልተጠነቀቁም የሚያቃጥል ነው። ታጥቦ ሲያበቃ በጣቶቹ መካከል ያለው እርጥበት በደንብ ይድረቅ። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሙስሊም ይህን በተለይ ልብ ይበል። የደረቀውን ተረከዝና ውስጥ እግር ቫዝሊን መቀባት መልካም ነው፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀባም፤ ቦታው ሲረጥብ ይላጣል። ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፤ ጠርዙን ቆፍሮ ማውጣት አይገባም። መጅን በምላጭ መላጥ ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ከመጁ ሥር ጠቆር ያለ የደም ምልክት ከታየ ውስጥ ውስጡን ቁስል ጀምሯልና ለባለሙያ ይታይ።

ሲታጠብ የሚፈለገው ውኃ የቋጠረ፣ የተሰነጠቀ፣ የቀላ፣ ያበጠ ወይም መልኩ የተለወጠ ቦታ ነው። ትንሽ ቁስል ከተገኘ በንጹሕ ውኃ አጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ቡና፣ ቅቤ፣ አመድ፣ የቅጠል ጭማቂ አይደረግበትም። መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ መጥቆር፣ የሚስፋፋ መቅላት ወይም ትኩሳት ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ነገን አትጠብቁ። ሌላም አለ። ምንም ቁስል ሳይኖር አንዱ እግር ብቻ ቢያብጥና ከሌላው ይልቅ ቢሞቅ፣ ባያምም እንኳ፣ ውስጡ አጥንቱ እየተሰበረ ሊሆን ይችላልና ሕመምተኛው እንዳይረግጥበት አድርጋችሁ ወደ ሐኪም አድርሱት።

ስለ ጫማ ጥቂት ልበል፤ ይህ እናንተን አዲስ ደመወዝተኞችን ይመለከታል። የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ለአባቱ ጫማ የማይገዛ ማን አለ? እኔም ገዝቼ ነበር። ቀጠን ያለ፣ ጫፉ የሾለ፣ የሚያብለጨልጭ ጫማ፤ ቁጥሩን በግምት። አባቴ ደስ ብሏቸው በየበዓሉ አደረጉት፤ ይጠባል ብለውኝ አያውቁም። ለካስ መጥበቡን የሚነግራቸው ነርቭ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ዘዴ ይህ ነው። ማታ፣ እግር ከዋለበት ጥቂት አበጥ በሚልበት ሰዓት፣ ሰውየው ወረቀት ላይ ይቁም፤ ዙሪያውን በእርሳስ ሣሉና ወረቀቱን ቆርጣችሁ ወደ ገበያ ሂዱ። ወረቀቱ በጫማው ውስጥ ሳይታጠፍ ከተዘረጋ፣ ከረጅሙ ጣት ፊትም ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ከተረፈ፣ ጫማው ይሆናል። የላይኛው ቆዳ ለስላሳ፣ ውስጡ ስፌት የማይቆረቁር ይሁን። አዲስ ሲሆን በመጀመሪያው ቀን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ተደርጎ እግሩ ይታያል። ከመደረጉ በፊትም በየቀኑ እጅ ውስጡ ይገባል፤ የወጣ ሚስማር ወይም የገባ ጠጠር እንደሆነ እጅ ያውቃል።

በቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር ወይም በካልሲ ብቻ መሄድ አይገባም። ቤተ ክርስቲያን ሲኬድስ? ጫማ ማውለቅ ሥርዓት ነው፤ ይህን ሻሩ የምል ደፋር አይደለሁም። ሆኖም ጫማን እስከ በሩ ድረስ አለማውለቅ፣ ውስጥም ወፍራም ንጹሕ ካልሲ ማድረግ፣ ሲመለሱም ውስጥ እግርን ማስፈተሽ ይቻላል። በባዶ እግሩ ረጅም መንገድ ሊሄድ የተሳለ ሰው አስቀድሞ የንስሐ አባቱን ያማክር።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በእርግጥ እግር ያድናል ወይ የሚል ይኖራል። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል በ1981 ለስኳር ሕመምተኞች እግር ብቻ የሚሆን ክሊኒክ ተከፈተ። ሐኪሙ፣ ነርሱ፣ የእግር ባለሙያውና ጫማ ሠሪው በአንድነት ይሠሩበት ነበር። በ1986 ውጤቱ ሲታተም የሚቆረጡት ሰዎች ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው እንዳይባል፣ ከ2004 ገደማ ጀምሮ በታንዛኒያና በሕንድ ሐኪሞችንና ነርሶችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ስለ እግር የሚያሠለጥን ሥራ ተካሂዷል። እዚያም የሠለጠነው ሰው የሚይዘው መሣሪያ ውድ አልነበረም፤ ዋናው ካልሲ ማስወለቅ ነበር። እናንተም ወላጆቻችሁን ወደ ቀጠሮ ስትወስዱ ተራቸው ሲደርስ ጫማቸውንና ካልሲያቸውን አስወልቁና ይዛችኋቸው ግቡ። የተራቆተ እግር ፊቱ ተቀምጦ ሳያይ የሚያልፍ ሐኪም የለም።

አባቴ በመጀመሪያ እጥበቱን አልወደዱትም። «አስተማሪ ሆነህ እግር ታጥባለህ?» አሉኝ። አሁን ግን እኔ በሌለሁበት ቀን እኅቴ ታጥባቸዋለች፤ እሷ ስታመሽ የጎረቤት ልጅ ይጠራል። ምድጃውም ከእግራቸው አንድ ክንድ ተኩል ርቆ ይቀመጣል። ሁለት ዓመት ተኩል ሆነው፤ አዲስ ቁስል አልወጣባቸውም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጫማቸውን ብናራግፍ ከግራው አንድ የሽምብራ ፍሬ ወደቀ። ተረከዛቸው ላይ ቅርጹ ታትሞ ቀይ ሆኗል፤ ቆዳው ግን አልተላጠም። ሽምብራውን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።